ከእንቁራሪቶቹ በላይ

ተራራው ሲያልቅባቸው ወዴት ይወጣሉ?

እንቁራሪቶቹን ማለቴ ነው። ቀበሮዋንም፣ ድንቹንም፣ ድንጋይ ሥር የምትበቅለዋን ቢጫ አበባም። ሙቀቱ ከሸለቆው ተነሥቶ ሲያባርራቸው ሁሉም ሽቅብ ይሸሻሉ። ልጅ ሳለሁ ደጃችን ላይ የምቀጥፈው አበባ ዛሬ የግማሽ ቀን ዳገት ካልተወጣ አይገኝም። እሺ፣ ይውጡ። ግን ተራራ ጫፍ አለው አይደል? ጫፉ ላይ ሲደርሱስ? እኔ ምን አውቄ። የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም። ኢላሪያ ላማዋን ጭና ከቤት በወጣችበት ጧት ደጃፉ ላይ ቆሜ የማስበው ይህንኑ ነበር፤ እሷም የምትሄደው ሽቅብ ነበርና።

ኢላሪያ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ወደ ከተማ ወርዳ እዚያው ስለቀረች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ጎልማሳ ሴት ሆናለች፤ ዳሩ ግን ደረቷ ለብርድ ደካማ ነው። እሷ አይደለም ትላለች፤ እኔ አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት የመንደራችን የሱራማርካ ሰው ሁሉ ድንቹን አጣ። በእኛ ዘንድ ነሐሴ ሲገባ ሰው ጆሮውን አቁሞ ቀበሮ ያዳምጣል። ከታች ከጮኸች ታች ይተከላል፤ ከላይ ከጮኸች ላይ። በዚያ ነሐሴ ቀበሮዋ የጮኸችው ከሪቲኦርቆ ትከሻ ላይ ነው፤ ማሳ ከሌለበት፣ ከድንጋይና ከበረዶ ግግር መካከል። ሪቲኦርቆ ማለት የበረዶ ተራራ ማለት ነው። በረዶው እየሄደ ነው፤ ስሙ ቀርቷል። ሰዉ ሳቀ። «ቀበሮዋ ጃጅታለች» አለና አባቱ በተከለበት እርከን ተከለ። ዝናቡ ሞቅ ብሎ መጣ። ከዝናቡ ጋር ቅጠል የሚያቃጥለው ምች መጣ። ወሩ ሳይሞላ ማሳው ሁሉ ጠቁሮ ሸተተ፤ ለዘር ያስቀመጥነውም ጎተራ ውስጥ እንዳለ ውሃ ሆነ።

ዘር ያጣ ሰው አውቶቡስ ይሳፈራል። የመንደሩ ግማሽ እንዲሁ ሄዷል። የኢላሪያ አክስትም ከተማ ውስጥ ሰው ቤት ሥራ ይዛላት ነበር። ኢላሪያ የመትከያው ወር ከማለቁ በፊት ዘር ካላገኘች እንደምትሳፈር ቃሏን ሰጠች። ያን ጊዜ እኔና ምድጃው እንፋጠጣለን።

ወሬውን ያመጣው ጨው ነጋዴው ነው። ካሲሚሮ የሚባል እረኛ ሽማግሌ ከግግሩ በላይ ካለው የተራራ ማለፊያ በር ማዶ፣ ድንች በቅሎ በማያውቅበት ቦታ ድንች ያበቅላል ብሎ አወራ። የሰማው ሁሉ ተንከተከተ። ኢላሪያ አልሳቀችም።

«ቀበሮዋ የጮኸችው ከዚያ ነው፣ እማማ።»

«ቀበሮ ናት እንጂ ካርታ አይደለችም!»

«ካርታ የያዙትማ ወረዱ» አለችና የጭነቱን ገመድ ሳብ አድርጋ አጠበቀች።

ጎረቤታችን ፎርቱናታ ከአጥሯ በላይ አንገቷን አሰገገች። «ምነው፣ ለቀበሮ ሠርግ ነው እንዴ እንዲህ የጫንሽው?»

«አዎ፣ እትዬ! ሚዜ ጎድሎናል፤ ይምጡና ይሙሉልን!»

ላማው፣ አንገተ ረጅሙ የጭነት ከብታችን፣ ሙሩ ይባላል። ነጭና ቡናማ ዥንጉርጉር፣ ቁጡ፣ ለማያውቀው ሰው ምራቁን የሚተፋ። ሁለት ከረጢት በቆሎ ጫንለት፤ ከላይ ያለ ሰው በቆሎ ስለማይበቅልለት ድንቹን በበቆሎ ይለውጣል። በሁለቱ ጆሮዎቹ ላይ ቀይ የሱፍ ጉትቻ አሰርኩለት። ጉትቻ ያለውን ከብት ተራራው ባለቤት እንዳለው ያውቃል ይባላል። ከዚያ ሰው ሁሉ ለመንገደኛ የሚለውን እኔም አልኩ፦ «ከእንቁራሪት በላይ እንዳታድሪ።» እንቁራሪት ባለበት ውሃ ዳር ብርዱ አይገድልም፤ እሷ ከምትቀርበት በላይ ግን የበረዶው ግዛት ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ በዚህ ሕግ ነው የተረፉት።

የቀረውን የነገረችኝ በቁርጥራጭ ነው፤ አንዱን ድንች እየላጠች፣ አንዱን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ኢላሪያ የመጨረሻውን እርከን አልፋ ከሳሩ ምድር ገባች። ሳሩ እስከ ጉልበቷ ድረስ ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ሙሩ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ነፋሱ ፊት ለፊት እየመታ ባርኔጣዋን ሊነጥቃት ይታገላል፤ እሷ በአገጯ ሥር አስራ ትወጣለች። ድሮ ላሞች ይሰጥሙበት የነበረው ጨፌ ተሰነጣጥቆ ጠበቃት፤ በስንጥቁ ውስጥ የላማ ዘመድ የሆነው የአልፓካ አጥንት ነጥቷል። ጎን ለጎን የሚወርደው ጅረት ድምፁ እየሳሳ ሄደ፤ ከጊዜ በኋላም ጠፋ። ሰው የለም። ጭስ የለም። ራሷ ስትስል የምትሰማው ከአለቱ ተመልሶ ነው። በመንደራችን ዙሪያ የጠፋችውን ቢጫ አበባ ግን እዚያ አገኘቻት። ግንዷ አጥሮ፣ ቅጠሏ ወፍሮ ፀጉር አውጥቶ፣ ከነፋሱ ተደብቃ በመሬቱ ላይ ተለጥፋለች።

«አንቺም እዚህ ነሽ?» አለቻት ኢላሪያ። ከሰው ጋር የተነጋገረች ያህል ደስ አላት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአንድ ኩሬ አጠገብ ደረሰች። እንቁራሪት ጮኸች። ሌላዋ መለሰችላት። ኢላሪያ «ተመስገን» ብላ ጭነቱን አወረደች። ሦስት የኮካ ቅጠል መርጣ በጣቶቿ መካከል ያዘች፤ ወደ ሪቲኦርቆ እፍ አለችባቸውና ለተራራው ስጦታ ከድንጋይ ሥር አኖረቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ አየች። ግግሩ እዚያው ነበር፤ ድንጋይ ቢወረወር ይደርስበታል። ሰማያዊ ግድግዳው በኩሬው ውስጥ ቆሞ ይንጠባጠባል። ይህን ያህል ቀርቦ ማደር ልቧን ቅር አሰኘው። ግን እንቁራሪቶቹ ይጮሃሉ፤ ሕጉ ሕግ ነው። ሙሩን በችካል አሰረችው።

ጨለማው ገና ሳይጠነክር ተራራው ጮኸ። ቤት የሚያህል ቁራጭ ከግግሩ ተገምሶ ኩሬው ውስጥ ወደቀ። ውሃው ተነሥቶ ቆመ።

«ሙሩ!»

ቢላዋዋን መዝዛ ገመዱን ቆረጠች፤ አንዱን ከረጢት በትከሻዋ አንጠለጠለች፤ ሮጠች። ማዕበሉ እግሯን መታት፤ ወደቀች፤ በጥፍሯ አለቱን ቧጠጠች። ሙሩ ቀድሟት ወጥቶ ከላይ ሆኖ ያናፋል። በድምፁ እየተመራች ወደ እሱ ተንፏቀቀች። ወዲያው በረዶ ይዘንብ ጀመር፤ የሚታይ ነገር ሁሉ ነጭ ሆነ። እርጥብ ቀሚሷ እንደ ቆርቆሮ ደረቀ። ከአለት ጥላ ሥር ሙሩን አስተኛችና በጎኑ ውስጥ ተቀበረች፤ እጆቿን በብብቱ ከተተች። እንቅልፍ ሲጎትታት ስሞች ትቆጥራለች፤ የእኔን፣ የእናቷን፣ የሄዱትን ጎረቤቶች። በመጨረሻ የምታውቀው ሰው አለቀባት፤ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ነጋ። ኩሬው ዳር ዳሩን ስስ የበረዶ ብርጭቆ ለብሷል። በብርጭቆው ሥር አንዲት እንቁራሪት እግሯን ዘረጋች፣ ዋኘች፣ ድንጋይ ሥር ገባች። ኢላሪያ ተንበርክካ አየቻት። ድሮ ከዚህ ቦታ በግማሽ ቀን ዝቅ ብለው ነበር የሚኖሩት። ግግሩ በሸሸ ቁጥር እነሱ ተከትለውት ወጥተዋል፤ ብርዱንም ለምደውታል። ሕጉ እንደ ድሮው ነው። ቦታቸውን የቀየሩት እነሱ ናቸው፤ ለእኛ ደግሞ ማን ይንገረን።

አንዱ ከረጢት በውሃው ተወስዷል። በቀረው ሄደች።

ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ በሁለት አለቶች መካከል ይጠብባል። እዚያ ሙሩ ቀጥ አለ። ጆሮዎቹ ተቀሰሩ፤ ጉትቻዎቹ ተንቀጠቀጡ።

«ሂድ እንጂ።»

አልሄደም። ተፋ። ኢላሪያ ከወገቧ ወንጭፏን ፈታች፤ ድንጋይ አነሣች። ከላይ ከአለቱ ጫፍ ላይ፣ ከድንጋዩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ነገር ጅራቱን አወዛወዘ። ፑማ የምትባለው የተራራ አንበሳ ነበረች፤ የጎን አጥንቷ የሚቆጠር። አጋዘኖቹ ሳር ፍለጋ ሲወጡ እሷም ተከትላቸው ወጥታ፣ ከሳሩ መጨረሻ በላይ የሚበላ ያጣች ፑማ። ኢላሪያ ወንጭፉን አሽከረከረች፤ ለቀቀች። ድንጋዩ አለቱን ገጭቶ ፈነጠረ። ፑማዋ ዘለለች።

ሁሉም ባንድ ትንፋሽ ሆነ። ሙሩ ጮኸ፤ ጭነቱ ተገለበጠ፤ በቆሎው ተዘረገፈ። ኢላሪያ እየጮኸች ሁለተኛውን ድንጋይ ሰደደች። የፑማዋን ትከሻ አገኘው፤ አውሬዋ ዘላ አለቱ ላይ ወጣች። ግን አልራቀችም። ተቀምጣ ጠበቀች። የሙሩ አንገት ተከፍቷል። ኢላሪያ ጭንቅላቱን በጭኗ ላይ አድርጋ እስትንፋሱ እስኪቆም ድረስ ስሙን ጠራችው። ፑማዋ ከላይ ታያለች፤ ኢላሪያም ቀና እያለች ታያታለች። ሁለቱም ከሳ ያሉ፣ ሁለቱም ከቤታቸው የራቁ።

«ውሰጂው» አለቻት በመጨረሻ። «እኔ ልሸከመው አልችልም።»

ጉትቻዎቹን ፈትታ በደረቷ ከተተች። ከበቆሎው የቻለችውን ለቅማ በመሸከሚያ ጨርቋ ቋጠረች፤ በጀርባዋ አዝላ በሩን ወጣች። ወደ ኋላዋ አልዞረችም።

ከበሩ ማዶ መጀመሪያ የሰማችው ውሻ ነው። ቀጥሎ ድንጋይ እያፏጨ መጥቶ ከእግሯ ፊት አፈር አስነሣ። በድንጋይ ካብ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሟል፤ ፖንቾ ካባው የተቀዳደደ፣ ወንጭፉ በእጁ።

«ቁሚ! አንድ እርምጃ ብትጨምሪ ውሾቹን እለቃቸዋለሁ!»

«ብቻዬን ነኝ፣ አባባ!»

«ሌባ ሁሉ ብቻዬን ነኝ ይላል። ጓደኞቹ ከድንጋይ ኋላ ናቸው!»

«ጓደኛዬንማ ፑማ በላው!» ጉትቻዎቹን ከደረቷ አውጥታ ከፍ አደረገቻቸው።

ሽማግሌው ከካቡ ወረደ። ወንጭፉን ዝቅ አደረገ፤ ቀርቦ ጉትቻዎቹን አገላበጠ። «የማን እጅ ነው?»

«የአያቴ።»

«ቋጠሮዋ ጠማማ ነው።»

«አልነግራትም።»

(ነገረችኝ።)

ካሲሚሮ ነበር። ጎጆው በግማሽ ከመሬት ውስጥ ናት። አንድ ጊዜ ዳገቱን የሚሞሉ አልፓካዎች ነበሩት፤ ጨፌው ሲደርቅ አለቁበት። ከጎጆው ኋላ፣ የግግሩ ሆድ በነበረበት ጥቁር መሬት ላይ፣ ትንንሽ እርከኖች ተደርድረዋል። ኢላሪያ የቋጠረችውን በቆሎ ፈትታ ከፊቱ አኖረችና የመጣችበትን ነገረችው።

«በቆሎሽን ብዪ» አላት። «ዘር አልሰጥም።»

«ለምን፣ አባባ? ወሩ እያለቀ ነው። ባዶ እጄን ከወረድኩ አውቶቡስ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ዘር ለመንገደኛ አይሰጥም። ዘር ለምራት ነው።»

«ታዲያ ምራትዎ የት አለች?»

«ከታች። ልጄም ከታች ነው። ማን ያልወረደ አለ?» ኩበቱን በእግሩ ገፋ። «አግብቷል ብለው ነገሩኝ። እዚህ አንድ ቀን አልመጣችም። ድንቹ ይጠብቃታል፤ እኔም እጠብቃለሁ። እኔ ግን እንደ ድንቹ አይደለሁም፤ ጉልበቴ አልቋል።»

ኢላሪያ ኩበቱን አየች፤ ሽማግሌውን አየች። «እንግዲያው አምጡልኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«ምራት አስለቃሹን።»

በእኛ አገር ሙሽራ የባሏን እናት ቤት በረገጠች ቀን እንዲህ የሚባለውን ድንች ይሰጧታል። ጉብ ጉብ ያለ፣ ጠማማ፣ እንደ ጥድ ፍሬ እርስ በርሱ የተነባበረ ነው። ጉብታዎቹን ሳትሰብር ከላጠችው ቤቱ ይቀበላታል። እኔም አልቅሻለሁ በጊዜዬ።

ካሲሚሮ ሳቀ፤ ብዙ ጊዜ ያልሳቀ ሰው ሳቅ ነበር፣ በሳል ያለቀ። ተነሥቶ አንዱን አመጣ። ቢላዋውን ሰጣት። «በዚያ በተሰነጠቀ እጅሽ?»

«እጄ የራሴ ነው።»

ላጠች። ብርዱ ጣቶቿን አደንዝዟቸዋል፤ ቢላዋው ሲያዳልጥ የራሷን ቆዳ ነካ። እሱ ከጎኗ ተቀምጦ ያወራል፤ ለማን እንደሚያወራ ግን አይታወቅም። በየዓመቱ አንዲት እርከን ከፍ አድርጎ ተክሏል። መጀመሪያ ሁሉም ሞተ። ሌላ ተከለ። ጥቂት ተረፈ። ቅጠሉ አነሰ፣ ከመሬቱ ጋር ተጣበቀ፤ አበባውም ፀሐይ ስትከር ብቻ የሚከፈት ሆነ።

«እንዴት አስለመዱት?» አለችው፤ ዓይኗን ከቢላዋው አላነሣችም።

«እኔ ምን አስለመድኩት? የሞተው ሞተ። ያልሞተውን መልሼ ተከልኩት። እንዲህ ነው ነገሩ። ሲወራ ያጥራል እንጂ አያምርም፤ ስንቱን ቀብሬያለሁ መሰለሽ።»

የመጨረሻዋን ጉብታ ስታወጣ እንባዋ ጠብ አለ። ድንቹ ሙሉ ነበር።

«ምን ያስለቅስሻል? አልሰበርሽውም እኮ!»

«ሙሩ» አለች።

ሽማግሌው አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ጎተራውን ከፈተ፤ ጨርቋን በዘር ሞላላት። ቋጠሮውን ግን በእጁ ይዞ አልለቀቀም።

«ስሚኝ፣ ልጄ። ይህ ወደ ሙቀቱ ከወረደ ዞሮ ይታመማል። እዚህ ሰው ካለ ግን በየዓመቱ ጤነኛ ዘር ከዚህ ይወርድላችኋል፤ ለመንደርሽ ሁሉ። ሰው ከሌለ ፑማና ውርጭ ይወርሰዋል። እኔ ከሚመጣው ውርጭ አላልፍም። የምትመለሺ ከሆነ ውሰጂ።»

«ብቻዬን?»

«እንቁራሪቶቹ አሉ። ወሬ ያበዛሉ።»

ኢላሪያ ወደ መጣችበት የተራራ በር አየች። ከዚያ ማዶ እኔ ነበርኩ። «እሺ» አለች። ካሲሚሮ ቋጠሮውን ለቀቀ።

ስትመለስ ከሩቅ አላወቅኋትም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ፊቷ ከስሎ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ደረቷን ቪክስ ቀባሁት፤ ሾርባ አጠጣኋት፤ ተቆጣኋት፤ አለቀስኩ። ዘሩን በላይኛው እርከን ተከልን። ፎርቱናታ ቀሚሷን ዘርግታ መጣች፤ አንገቷን ደፍታ።

«ሠርጉ እንዴት ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«ሚዜ ጎድሎ ነበር አላልኩዎትም?» ኢላሪያ አለቻትና እፍኝ ሙሉ ዘር ሰጠቻት። ለጠየቀ ሁሉ ሰጠች።

እኔ መቼም ተርፈናል አልኩ። ዘሩ ተተክሏል፤ ምን አውቶቡስ አለ? ግን ልጅቷ ሌላ ሆናለች። ከእንቅልፏ ስትነሣ መጀመሪያ የምታየው ወደ በሩ ነው፤ ከበሩም በላይ ወደ ተራራው። ምድጃ አጠገብ ይሞቃታል፤ ውጭ ወጥታ ትቀመጣለች። ለካሲሚሮ ስለሰጠችው ቃል የነገረችኝ በመጨረሻ ነው፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። አትሂጂ ልል አፌን ከፈትኩ። እርከኑ ታየኝ፤ ቡቃያው ታየኝ። አፌን ዘጋሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቁልቁል የሚወስደውን መንገድ ስፈራ ነው የኖርኩት። ልጅ የሚወሰደው በዚያ በኩል ነው ብዬ። ሽቅቡን መፍራት አልተማርኩም።

አንድ ቀን ጧት አውቶቡሱ ከታች ጥሩምባውን ነፋ። ነቅቼ ሳይ ኢላሪያ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ትልጣለች። እንዳልነቃሁ አስመስዬ ተኛሁ። ጨርሳ ሳህኑን ከአጠገቤ አኖረች። ምራት አስለቃሽ ነበር፤ ጉብታዎቹ ሁሉ ሙሉ፣ አንድም አልተሰበረም። ሙሽራ የምትልጠው በምትገባበት ቤት ነው። እሷ የላጠችው በምትወጣበት።

ወንጭፏን ከሚስማሩ ላይ አነሣች። በሙሩ ፈንታ ያገኘነውና ደጅ የታሰረው ጥጃ ላማ ጆሮ ላይ የሙሩን ቀይ ጉትቻ አሰረች፤ የእኔን ጠማማ ቋጠሮ ራሱን። ጥሩምባው ለሁለተኛ ጊዜ ተነፋ። ኢላሪያ ወደ ታች አላየችም፤ ወደ እኔም አላየችም። መሸከሚያ ጨርቋን ትከሻዋ ላይ አጠበቀችና ዝቅ ብላ በመቃኑ ሥር አልፋ ወጣች።